ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ማን አለ? ስለ አዳሪ መሰናዶ ትምህርት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለክልል ትምህርት ቢሮዎች በሙሉ

ጉዳዩ፡- አዳሪ መሰናዶ ትምህርት ቤቶች የማታ የሰው ኃይልና የማታ በጀት እንዲኖራቸው ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የምኖረውም የማስተምረውም በአንዲት ትንሽ አዳሪ መሰናዶ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ቀን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ማታ ከሴቶቹ መኝታ ቤት ጎን ባለች ክፍል አድራለሁ። የትምህርት ቤቷን ስም አልጠራም። ከጠራሁት ነገሩ የአንድ ርእሰ መምህር ወይም የአንድ ወረዳ ጥፋት ይመስልና አጣሪ ኮሚቴ ይላካል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ፋይሉም ይዘጋል። እኔ የምለው ግን ለብሔራዊ ፈተና ጥበቃ በየዩኒቨርሲቲው ስንሰማራ የማገኛቸው የሌሎች አዳሪ ትምህርት ቤቶች መምህራንም የሚሉት ነው። ሻይ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ወሬያችን እዚያው ይወድቃል፤ ማታ ማታ ብቻችንን ነን።

ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በየስብሰባው የምታነሡበትን ምክንያት አገር ያውቀዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ በኋላ የመጀመሪያው ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም. 896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ 3.2 በመቶ ወረደ፤ ያን ዓመት ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጥሩ ውጤት አመጡ ተብለው ስማቸው ከተነሡት መካከል አዳሪዎቹ ነበሩበት። በየበራቸው ባነር ተሰቀለ። ቀጥሎም «አዳሪ ትምህርት ቤት ይስፋፋ» የሚለው ሐሳብ ከየአቅጣጫው መጣ።

እኔም ይስፋፋ ባይ ነኝ። የሚያሳስበኝ ሲስፋፋ ምኑ ይባዛል የሚለው ነው። እስካሁን በማየው አካሄድ የሚባዛው የመግቢያ ፈተናው፣ አጥሩና ባነሩ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤትን አዳሪ የሚያደርገው ሥራ የሚሠራው ግን መምህራን ፈርመው ከወጡ በኋላ ነው። ክፍል በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያልቃል፣ ቢሮ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ከዚያ ሰዓት በኋላ በደመወዝ መዝገብ ላይ በግቢው ውስጥ ያለ ሠራተኛ ዘበኛው ብቻ ነው። የሠራተኛ መዋቅራችን ከማንኛውም የቀን ትምህርት ቤት መዋቅር የተገለበጠ ነው፤ ልጆቹ ማደራቸውን የሚያውቅ አንድ መደብ የለበትም።

«ምርጥ ምርጡን ሰብስባችሁ ማሳለፍ ምን ይደንቃል?» የሚሉን አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የተመረጠ ልጅ ማስተማር ካልተመረጠ ልጅ ይቀላል፤ ይህን የሚክድ መምህር ካለ አብሬው አልሟገትም። ሌላውን ግማሽ ለማየት ግን መስከረም ላይ ግቢያችን መገኘት ይበቃል።

መስከረም ላይ የሚመጡት የ11ኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ከየመጡበት ትምህርት ቤት አንደኛ ወይም ሁለተኛ የወጡ ናቸው። የብረት ሳጥን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ በፌስታል የታሰረ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘው ይገባሉ። አባት ወይም ታላቅ ወንድም ሳጥኑን ተሸክሞ ያደርስና አልጋውን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ጥንካሬውን ያያል፤ ከዚያ ምን እንደሚል ስለማያውቅ «በርታ» ብሎ ይሄዳል። በጥቅምት የመጀመሪያው የክፍል ፈተና ይሰጣል። አርባ አንደኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለተኛ መውጣት የሚያስለቅሳቸው ልጆች ሠላሳ አንደኛና ሠላሳ ስምንተኛ ይወጣሉ።

አንዲት ልጅ ከሠላሳ አሥራ አንድ አመጣች። ወረቀቷን ስመልስላት ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም፤ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። የነገሩኝ የእንጀራ ጋጋሪያችን ናቸው። «መምህር፣ ያቺ ቀጭኗ ልጅ ሦስት ማታ ሆናት እራቷን አትበላም። ማታ ማታ የተልባ እግር የመሰለ ንጹሕ ዩኒፎርሟን ታጥባለች፤ አጥባ ታሰጣለች፣ መልሳ ታጥባለች» አሉኝ። እኚህ ሴት በመዋቅራችን ውስጥ የቀን ሠራተኛ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ልጅቷን አይተው ያወቁት ግን እርሳቸው ናቸው፤ የምክር አገልግሎት ባለሙያ የሚል መደብ የለንም፣ ነርስ የለንም፣ የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪ የለንም። እንጀራ ጋጋሪዋ ባያዩ ኖሮ ልጅቷ እንደ ሌሎቹ በኅዳር ሳጥኗን ይዛ ወደ አገሯ ትመለስ ነበር፤ እኛም «አቋርጣለች» ብለን በቅጽ ላይ እንሞላ ነበር።

የልጅቷ ችግር ምን ነበር? ሞል የሚለውን ቀመር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ግን ቀመሩ የት እንደሚገባ አታውቅም። የመጣችበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አለው፣ ቁልፉም አለ፣ የሚከፍተው መምህር ግን አልነበረም። ጥያቄው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምራለች ይባል እንጂ መምህሯ በአማርኛ ሲያስረዳ፣ እርሷ በእንግሊዝኛ ስትገለብጥ ነው የኖረችው። ይህ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ ከየገጠሩ አንደኛ ወጥተው የሚመጡት ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው።

ይህን ክፍተት በአርባ ሁለት ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መሙላት አይቻልም። የሚሞላው ማታ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት የኖረ አንድ ልማድ አለ፤ ለእያንዳንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ይመደብለታል። ለዚህች ልጅ የተመደበችላት ተማሪ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው የማታ ጥናት አጠገቧ ተቀመጠች። ሊሚቲንግ ሪኤጀንት የሚባለውን፣ በኬሚካዊ ሂደት ውስጥ ቀድሞ የሚያልቀውን ነገር፣ ስታስረዳት ሰማኋት። «ነገ ጠዋት ለሃምሳ ሰው የሚበቃ ሻይ ተፈልቷል፤ ዳቦው ግን ሠላሳ ነው። ስንት ሰው ሙሉ ቁርስ ይበላል?» አለቻት። «ሠላሳ።» «ሻዩስ?» «ይተርፋል።» «እንግዲህ ዳቦውን ፈልጊ፤ በየጥያቄው መጀመሪያ የሚያልቀውን ፈልጊ።» እኔ ይህንኑ ነገር በሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም ጠመኔ ጽፌ አስረድቼ ነበር። የገባት ማታ ነው፤ ከራሷ አንድ ዓመት ብቻ ከሚቀድማት፣ አምና ያችኑ ጥያቄ ተሳስታ ከነበረች ልጅ አፍ።

ይህ ዓይነት ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቱ ከጥንት ጀምሮ አዳሪ ነው። የቆሎ ተማሪው ከየኔታ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል፤ የቃል ትምህርቱ የሚሰጠው ማታና ሌሊት ነው፣ መብራት አይፈልግምና። ጀማሪው ከየኔታ አፍ በፊት ከቀደመው ተማሪ አፍ ይሰማል። በ1930ዎቹ የተከፈቱት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጆች ሰብስበው ያሳድሩ ነበር፤ ለመምህራን መኖሪያ ቤት በግቢው ሠርተው። ከዚያ በኋላ የመጣው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የላቁ ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያሰናዳ ነበር፤ ዛሬ መሰናዶ የምንለውን ሥራ ቃሉ ሳይለመድ ሠርቶታል። በቅርቡ ዘመንም በመቀሌ ቃላሚኖ፣ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት የየአካባቢያቸውን ጎበዝ ልጆች እየሰበሰቡ አስተምረዋል። ልምዱ አለ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አማካሪ አያስፈልገውም።

የዊንጌት ግቢ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሚታሰበኝ የመምህራኑ ቤቶች ነገር ነው። እኛ ጋ የመምህራን መኖሪያ ተብሎ ታቅዶ የነበረው ሕንፃ ከመሠረቱ ሳያልፍ ቀርቷል፤ ልጆቹ የመረብ ኳስ ሜዳ አድርገውታል። ስለዚህ መምህራኖቻችን ከከተማ ይመላለሳሉ። ማታ የሚቆየው ተረኛ መምህር ነው። ተረኛው እስከ አራት ሰዓት ጥናት ይቆጣጠራል፣ ባጃጅ ስለማይገኝ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ይገባል። ለዚህ ክፍያ ጠየቅን። ከፋይናንስ የመጣው መልስ «የበጀት ኮድ የለውም» የሚል ነው። በጽሑፍ ጠየቅን፤ በጽሑፍ ኮድ የለውም ተባልን። ኮድ ማን ነው የሚሰጠው ብለን ጠየቅን፤ መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ድረስ ተረኝነቱ በወጣት መምህራን በጎ ፈቃድ ቆሟል። ወጣት መምህር ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይዛወራል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ አልተረኩም፤ በዚህ አገር ለሚኖር ሰው መተረክ አያስፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በአራት ሰዓት ተኩል የመኝታ ክፍሎች መብራት ይጠፋል፣ የኮሪደሩና የመታጠቢያ ቤቱ ግን ይበራል። በፈተና ሰሞን መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚያጠኑ ልጆች አሉ። ጎብኚዎች ይህን ሲሰሙ ያደንቃሉ፤ «ጽናት ማለት ይህ ነው» ይላሉ። እኔ አላደንቅም። ብርድ ይመታቸዋል፣ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። እስከ አምስት ሰዓት የሚከፈት አንድ የንባብ ክፍልና እዚያ የሚቀመጥ አንድ ሰው ቢኖር ነገሩ ያልቅ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ጎበዝ ናቸው፤ ነገር ግን በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቆልፈው ይሄዳሉ፣ መብታቸውም ነው።

የኮምፒውተር ክፍሉም በዚያው ሰዓት ይቆለፋል። ብሔራዊ ፈተናው በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ይህ ጉዳይ የመዝናኛ መሆኑ ቀርቷል። ቀን ላይ ክፍለ ጊዜው ሞልቷል፤ ልጁ መዳፊት ይዞ እጁ እንዲላመድ ያለው ጊዜ ማታና ቅዳሜ ነው፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ቁልፉ የለም። መጻሕፍቱም እንዲሁ ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ሳይደርስ ቆይቶ በሶፍት ኮፒ ተጠቀሙ ተባልን። መልካም። ሶፍት ኮፒው የሚነበበው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ በመተዳደሪያ ደንባችን የተከለከለ ነው። ደንቡን ያወጣነው ራሳችን ነን፣ ያወጣነውም በበቂ ምክንያት ነው። እና ምን ሆነ? ልጆቹ ስልኩን በሳጥናቸው ሥር ደብቀው ባዮሎጂ ያነባሉ። ባዮሎጂ ደብቆ የሚያነብ ትውልድ ያፈራች ትምህርት ቤት የእኛዋ ሳትሆን አትቀርም።

ወጥ ቤቱን በጥቂቱ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም በአዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር በመጨረሻ ወጥ ቤት ይደርሳል። የምግብ በጀታችን በነፍስ ወከፍ በሐምሌ ይጸድቃል። በሐምሌ የታሰበው የጤፍና የዘይት ዋጋ በጥር የለም። ጨረታ ያሸነፈው አቅራቢ በታኅሣሥ «አያዋጣኝም» ብሎ ይወጣል፤ እንደገና ጨረታ እስኪወጣ ወጥ ቤቱ በብድር ይሠራል። ሽሮው መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ቀጥሎ ምስሩ ከሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ይወርዳል፣ ቀጥሎ የጠዋቱ ዳቦ ያንሳል። ልጆቹ አያማርሩም፤ ብዙዎቹ ከዚህ የተሻለ ምግብ ካለበት ቤት አልመጡም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ከቀኑ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ይጠፋል። ጎብኚ ሲመጣ ግን ሥጋ ወጥ ይሠራል። ጎብኚው ቀምሶ «ምግቡ ጥሩ ነው» ብሎ በሪፖርቱ ይጽፋል፤ ልጆቹም ጎብኚ ይበዛ ዘንድ ይጸልያሉ።

በዚያው ወጥ ቤት ያየሁትን መልካም ነገርም ልናገር። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። አንድ ወጥ ቤት፣ ሁለት ምድጃ፣ ሦስት ዓይነት ሰዓት። ኦርቶዶክሶቹ ከሰዓት በኋላ ነው እህል የሚቀምሱት፤ ሙስሊሞቹ ኢፍጣር ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሱሑር ከንጋት በፊት ይፈልጋሉ፤ ፕሮቴስታንቶቹ በተለመደው ሰዓት ይበላሉ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ፕሮግራም ለማውጣት ሁለት ቀን ተጨንቀው ነበር። ልጆቹ በአንድ ምሽት ጨረሱት። ምሳ የማይበሉት ልጆች ምሳ ለሚበሉት አቀረቡ፤ ኢፍጣር ላይ ኦርቶዶክሶቹ ሳህን አጠቡ፤ ሱሑር ላይ ደግሞ በአሥር ሰዓት ሌሊት ሙስሊሞቹን የሚቀሰቅሰው የዲያቆን ልጅ ነበር፣ ለሌሊት ጸሎት ይነሣ ስለነበር። ማንም መመሪያ አላወረደላቸውም። ይህን የሚያህል የዜግነት ትምህርት በመጽሐፍ አስተምሬ አላውቅም ለማለት እደፍራለሁ። ነገር ግን የዚያን ወር ሌሊት ሌሊት ምድጃ ያነደዱት ሁለቱ ሴቶች የተከፈላቸው የቀን አበላቸው ብቻ ነው፤ የሌሊቱ፣ እንደ ለመድነው፣ ኮድ የለውም።

ስለ ሴቶች ልጆች አጭር ልሁን፤ የሚረዘም ነገር ስላጣሁ ግን አይደለም። የመታጠቢያ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ርቆ ነው የተሠራው፤ በመካከሉ መብራት የሌለው ሜዳ አለ። ስለዚህ ከሁለት ሰዓት ማታ በኋላ ሴቶቹ ውኃ አይጠጡም። የወር አበባ ሲመጣ ሞዴስ የሚገዙበት ገንዘብ የሌላቸው አሉ፤ ክፍል የሚቀሩት ራስ ምታት አመመን ብለው ነው። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ራስ ምታት የሚያማት ልጅ ስታጋጥመኝ ከራሴ ሳጥን እሰጣታለሁ፤ ሴት መምህር በሌለባት ትምህርት ቤት ማን እንደሚሰጣት አላውቅም። ከሴቶች መኝታ ቤት ጎን የሚያድር ሴት ሠራተኛ በየአዳሪ ትምህርት ቤቱ ግዴታ ይሁን። እኔ እዚያ የማድረው መዋቅሩ ስላለ አይደለም፤ ባዶ ክፍል ነበረና ገባሁበት።

የፈተና ሰሞን ነገርም አለ። ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲጓዙ የቀን ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሌሊት ይረበሻሉ፤ ከቤት ወጥቶ ማደር፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ወረፋ። የእኛዎቹ ገብተው የሚጠይቁት «ውኃ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» ብለው ብቻ ነው። የፈተናውን ውጤት ከሚያብራሩት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል፣ ማንም በጥናት ሲያነሣው ባልሰማም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከፋችው ወቅት፤ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት። በቀድሞው ጊዜ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይሄዱና ወጥ ቤቱ ይዘጋ ነበር። በጀቱም ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው የተሠራው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቆየው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ መንገዶችም እንደ ሰሞኑ ሁኔታ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። በሌሎች ክልሎችም ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው አካባቢዎች አሉ። መንገዱ የተዘጋበት ልጅ ዕረፍት ሲመጣ የት ይሂድ? ግቢ ይቀራል። በወረቀት ላይ ግን የለም፤ ለሌለ ልጅ ደግሞ ምግብ አይመደብም። እኛ ጋ የቀሩትን ልጆች ያበላነው ከመምህራን በተዋጣ ገንዘብና የከተማው ሰዎች ባመጡት እንጀራ ነው። አንዳንድ እናቶች በየቀኑ አንድ መሶብ እየሞሉ በልጆቻቸው ይልኩ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት በመሶብ መተዳደር የለበትም።

መጠንን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ትምህርት ቤታችን ሦስት መቶ የማይሞሉ ልጆች ነው የያዘችው። ይህ ትንሽነቷ ጉድለት መስሏችሁ «ለምን ሺህ አትቀበሉም?» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ። እንጀራ ጋጋሪዋ ያቺን ቀጭን ልጅ ያዩዋት ሦስት መቶ ስለሆንን ነው። ሺህ ብንሆን እርሳቸውም አያዩም፣ እኔም አላይም። ብዙ ልጆች ማዳረስ ከተፈለገ ትንንሾቹ ይብዙ፤ አንዷ አትበጥ።

ልጆቹ የሚመጡባቸውን የገጠር ትምህርት ቤቶች ነገርም አትርሱ። ከየወረዳው አንደኛውንና ሁለተኛውን ልጅ ወስደን ስናበቃ እዚያ የቀሩትን ምን አደረግን? መምህራኑ ይነግሩኛል፤ ክፍል ውስጥ መልስ የሚመልሰው ልጅ ሲሄድ ክፍሉ ይቀዘቅዛል ይላሉ። አንድም ተማሪ ካላሳለፉት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የእኛን ልጆች የላኩልን ይሆናሉ። በክረምት ግቢያችን ባዶ ነው፤ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ቤተ ሙከራ አለ። ያልተመረጡትን ልጆች ከነመምህሮቻቸው ለጥቂት ሳምንታት አምጥተን ቤተ ሙከራውን ብናስነካቸው፣ ከእኛ የ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር ማታ ማታ ቢቀመጡ፣ የወሰድነውን በጥቂቱም ቢሆን መለስን ማለት ነው። ይህንን ባለፈው ዓመት በጽሑፍ አቅርበናል። የክረምት የምግብ በጀት ስለሌለ አልተፈቀደም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ብዙውም አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የሠራተኛ መዋቅር ውስጥ የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪ፣ በሴቶች በኩል ሴት፣ በወንዶች በኩል ወንድ፣ አንድ ነርስና አንድ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ይግቡ። ለተረኛ መምህርና ለሌሊት የወጥ ቤት ሠራተኛ ክፍያ የበጀት ኮድ ይከፈት። የምግብ በጀት በዓመት አንድ ጊዜ ከሚጸድቅ በየመንፈቅ ዓመቱ ከገበያው ዋጋ ጋር ይታይ፤ ለዕረፍት ጊዜም መስመር ይኑረው። ቤተ መጻሕፍቱና የኮምፒውተር ክፍሉ ማታ የሚከፍታቸው ሰው ያግኙ። የመምህራን መኖሪያ ይሠራ ብዬ አልጀምርም፤ እርሱ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን በዕቅዱ ላይ ያለው ይሰረዝ ወይም ይሠራ፤ ልጆቹ የመረብ ኳስ ሜዳቸው ይቀር እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፤ የመዋቅር ጥያቄ ከዚያ በፊት ካልተነሣ ሌላ ዓመት ሙሉ «ኮድ የለውም» እየተባልን እናሳልፋለን።

በመጨረሻም ስለ ሱፐርቪዥን። ቡድናችሁ በየዓመቱ ይመጣል፤ በክብር እንቀበላለን። ጠዋት በአራት ሰዓት ይገባል፣ ቼክሊስቱን ይሞላል፣ ምሳ ይበላል፣ በስምንት ሰዓት መኪናው ይነሣል። ቼክሊስቱን አይቼዋለሁ፤ የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ፣ የዕለት ዕቅድ፣ የመምህራን ፊርማ፣ የክበባት ቃለ ጉባኤ ሁሉ አለበት፤ ስለ ማታ አንድም ጥያቄ የለበትም። የሚመጣው ቡድን አንድ ሌሊት ይደር። ስለ ቀጠሮው ቀድሞ ባይነገረን እንመርጣለን፣ ሥጋ ወጡ እንዳይጠበቅ። አልጋ እናዘጋጃለን፤ ብርድ ልብስ ግን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው፣ ትርፍ የለንም።

ከሰላምታ ጋር
የአንዲት አዳሪ መሰናዶ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት

ግልባጭ፡-
ለክልል ገንዘብ ቢሮዎች፣ ኮድ ሰጪው ማን እንደሆነ እንዲያሳውቁን
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች
ለወጥ ቤት ሠራተኞቻችን፣ በቃል ተነቦላቸዋል